ለነስሩ ያወጣሁት ስም

የካቲት 9 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ጅማ

ዛሬ ነስሩን ቀበርነው፤ ገበያው ዳር ያለውን ልብስ ሰፊ። ጠዋት አዌቱ ድልድይ ሥር ተጥሎ ነው የተገኘው። ገዳዮቹ ደረቱ ላይ «ጆሮ ጠቢ» የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሲኒማ ቤታችን ደጋግሞ በሚያሳየው አሮጌ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ፣ ከአለቃው ጀርባ ቆሞ ወሬ የሚለቅም አንድ ኮስማና አለ። ሰው ሁሉ ለአክተሩ ያጨበጭባል። አክተሩ ከጥርሱ በቀር ምን አለው? ያ ኮስማና ግን የግራ ዓይኑን ሽፋን ትንሽ ዝቅ ሲያደርግ ውሸቱን ሁሉ ታምነዋለህ። የፊልሙ መጀመሪያ ተበጣጥሶ ስላለቀ ማን እንደሚባል እንኳ አላውቅም። አሥር ጊዜ የገባሁት ለእሱ ስል ነው።

አንድ ቅዳሜ ነስሩ ልክ እንደዚያ ኮስማና አንገቱን አስግጎ ወደ አዳራሹ ሲገባ፣ «ጆሮ ጠቢው መጣ!» ብዬ ጮህኩ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ነስሩ ብሎ የጠራው የለም። ፊልሙን ያላዩት ደግሞ የምር አደረጉት። እሱ እንኳን ሊሰልል፣ የሱሪ ሁለት እግር እኩል አድርጎ መስፋት ያቃተው ሰው ነበር።

ከቀብር ስንመለስ እናቱ አዴ ከዲጃ እጄን ያዙኝ።

«አንተ ከሲኒማ ቤት አትጠፋም። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይሄን ስም ማን አወጣበት?»

«እኔ እንጃ፣ አዴ» አልኳቸው። የግራ ዓይኔን ሽፋን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ።

አመኑኝ። መረቁኝም። ኮስማናው ራሱ ከዚህ አሳምሮ አይሠራትም ነበር።