«እባክዎ ከዋይፋይ ጋር ይገናኙ» ላሉን ክቡር ኃላፊ፣ ከአሰላ

ኖህ፣ ከሁሉ በፊት አንተን ይቅርታ ልጠይቅህ፤ ስልክህን ሳላስፈቅድህ ከፍቻለሁ። መክፈቻውን የማላውቅ መስሎህ ነበር። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ስትከፍተው ጣትህ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ጥግ ሲሄድ በመስኮቱ መስታወት ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። አሁን እንግዲህ አትቆጣ። የግድ መቆጣት ካለብህም ቁጣህ ለሌላ ሰው ይድረስ ብዬ፣ በሁለታችንም ስም ለሚመለከተው አካል ይህን ጽፌያለሁ። ሲረዝምብህ እንደ ልማድህ ዝለለው፤ ሦስተኛውን ቅሬታ ግን እንዳትዘለው፣ እሱ ላይ ተከሳሹ አንተ ነህ።

ለተከበሩ የስልክ ሥርዓት ማዘመኛ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት አገር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ያለው ተቋርጦ የማያውቀው ዋይፋይዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ አሰላ ያለነው፣ ጠዋት ጠዋት ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ደህና ነን፤ ደህና ነን የምንለውም ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ስሜ ይስሃቅ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምጽፍልዎት የታላቅ ወንድሜን የኖህን ስልክ በሚመለከት ሲሆን፣ ኖህም የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በከተማችን በሚፍታ የሞባይል ጥገና ሱቅ ሦስት ዓመት የሠራ፣ የእርስዎን ምርት ከእርስዎ ሠራተኞች ባላነሰ ፈትቶ የገጠመ ባለሙያ ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ ከጎበሳ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ስልኩ አንድ ጭረት እንኳ ሳይነካው ከኪሱ ወጥቶ ተሰጠን። ስለ መስታወትዎ ጥንካሬ ቤተሰባችን ከልብ ያመሰግናል፤ ሌላውም ነገር ሁሉ በእርስዎ ፋብሪካ ቢሠራ ኖሮ ብለን ተመኝተናል።

ወንድሜ ስልኩን በአማርኛ ይጠቀምበት ስለነበር ጨዋነትዎን በሚገባ እናውቀዋለን። በእኛ ሰፈር ኖህን አንተ የማይለው ሰው አልነበረም፤ በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜው «እባክዎ» እና «እርስዎ» እያለ ያከበረው ስልኩ ብቻ ነው። ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ኖህ በሱቁ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የፊዚክስ ጥያቄዎቼን እየሠራ፣ ሲሠራም እያስረዳ፣ ድምፁን ቀድቶ በአንድ የመልእክት መተግበሪያ ለራሱ ይልክ ነበር። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ፣ ማታ ቤት ሲገባ ስልኩን ይሰጠኝና እሰማለሁ። ስልሳ ሦስት ድምፆች ናቸው። በግንቦት አጋማሽ ላይ ግን መተግበሪያው፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ በዚህ አሮጌ ሥርዓት ላይ እንደማይከፈት በታላቅ ትሕትና አሳወቀኝ። ሥርዓቱን ላድስ ብዬ ወደ እርስዎ ብመጣ ደግሞ «እባክዎ ከዋይፋይ ጋር ይገናኙ» አሉኝ። ዳታ አለኝ ብልዎ፣ ለእርስዎ ዳታ አይበቃም። ቅሬታዎቼም የሚነሱት ከዚህ ነው።

አንደኛ። ዋይፋይ የት እንዳለ ሳይነግሩኝ ከተማዬን እንደ እንግዳ ዞሬ እንዳይ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። በአንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ሦስት ሻይ ጠጥቼ ስድስት በመቶ አውርጃለሁ፤ አራተኛውን ሳዝዝ የሰርግ ሽማግሌዎች መጥተው ጠረጴዛው ይፈለጋል ተባልኩ፣ ስልኩም ከግቢው እንደወጣሁ ስድስቱን በመቶ ረስቶ ከዜሮ ጀመረ። እናቴ ወይንሸት ከወሎ ተመድባ መጥታ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ያገለገለች ናት፤ በዚያ ያለውን የይለፍ ቃል ብትጠይቅ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ እንድታቀርብና ደብዳቤዋም በራሷ መዝገብ ቤት በኩል እንዲያልፍ ተነገራት። ጻፈች፣ ራሷ ተቀበለች፣ ቁጥር ሰጠች፣ አስገባች። መልሱን እስካሁን እየጠበቀች ነው፤ ሲመጣም መዝግባ የምትረከበው እሷው ናት። ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን ያሉትንም ትእዛዝ አልረሳሁም፤ መብራት ኃይል ግን ትእዛዝዎ አልደረሰውም።

ሁለተኛ። ቦታ የለም፣ ያስለቅቁ አሉኝ፤ እንዳልቸገርም የሚጠፋውን ራስዎ መርጠው አቀረቡልኝ። ርዕሱ «ጥራት የሌላቸው ፎቶዎች» ይላል። ከፍቼ ሳይ ሁሉም ኖህ ነው። ወንድሜ ፎቶ ሲነሳ ቆሞ አያውቅም፤ ወይ ይስቃል፣ ወይ ካሜራውን ሊቀማ ይዘላል፣ ስለዚህ ሁሉም ላይ ፊቱ ደብዝዟል። ጥራት የለውም ማለትዎ ልክ ነው፤ እሱ በሕይወት ሳለ እናቴም በየቀኑ ትለው የነበረው ይህንኑ ነው። ቢሆንም ምክርዎን ሳልቀበል ቀርቻለሁ። በምትኩ ሊጠግን ሲፈታቸው ያነሳቸውን የሰው ስልኮች የውስጥ ዕቃ ፎቶ መደምሰስ ጀመርኩ፤ ከስምንት መቶ ይበልጣሉ። በአንዳንዶቹ ጠርዝ ላይ ግን በመበየጃ የተቃጠለው አውራ ጣቱ ገብቷል። ጣት ያለበትን አስቀርቼ፣ ጣት የሌለበትን አጠፋሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እርስዎ በአንድ ቁልፍ ያቀለሉልኝን ሥራ በዚህ ዓይነት ስላከበድኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ ረዘም ይላል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ነገሩን ገና ከጅምሩ ለሚፍታ ባማክረው ኖሮ እርስዎንም ባላስቸገርኩ ነበር፤ ግን ከሚያዝያ ወዲህ በሱቁ በኩል ማለፍ አልቻልኩም። ትምህርት ቤት የምሄደው በላይኛው መንገድ፣ የጋሪ ፈረሶች በሚቆሙበት ዞሬ ነው። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ሄድኩ። ሚፍታ የኖህን ወንበር አላነሳውም፤ ላዩ ላይ የራሱን ጃኬት አስቀምጦበታል። ሆቴሉንም፣ የመሥሪያ ቤቱንም ደብዳቤ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦

«አቦ ይስሃቅ፣ ወንድምህ እዚህ ተቀምጦ ስንት ስልክ እንዳደሰ ታውቃለህ? አንድ ቀን ዋይፋይ ሲፈልግ አይተኸዋል? የባልን ስልክ በሚስት ስልክ ነበር የሚያድሰው።»

ከዚያም አስረዳኝ። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባዩ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ ያምናል። እርስዎ በቀጥታ ቢመጣ በር ላይ የሚመልሱት ያው ዳታ፣ ከያው አንቴና ተነስቶ፣ በአንድ ሌላ ስልክ በኩል ዞሮ ሲመጣ በክብር ይገባል ማለት ነው። ክቡር ሆይ፣ አሠራርዎ እንግዳ አልሆነብኝም። በእኛም ዘንድ ራስዎ ሄደው ሲጠይቁ የማይሆን ነገር፣ በሰው በኩል ሲጠየቅ ይሆናል። አገራችንን ሳያዩ ይህን ያህል ስላወቁን አድንቄዎታለሁ። ሚፍታ የራሱን ሊከፍትልኝ ስልኩን አወጣና የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቆ አገኘው፤ የእናትህን ክፈት ብሎ ላከኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን ስልኳን ለመንኳት። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክስ ማንሳት ግድ ይለኛል። ከአንድ ዓመት በላይ፣ የእናቴ የኢንተርኔት ጥቅል በየሳምንቱ ዓርብ ባልታወቀ ምክንያት ሲያልቅ ቆይቷል። ኳስ የማየው በእሷ ስልክ ስለሆነ ተጠርጣሪው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማልኩ፤ አልታመንኩም። ኖህ አንድ ቀን ለብቻዬ ወስዶኝ፣ ትከሻዬን ይዞ፣ በታላቅ ወንድም ወግ እውነቱን ተናግሬ እናታችንን ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ሰው ተሳስቶም ሰው እንደሆነ መክሮኛል። ሊቀልልኝ እንደሚችልም ነግሮኛል። ያላደረግኩትን አምኜ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሱም ከጎኔ ቆሞ፣ ልጅ ነው እማዬ፣ እለፊው ብሎ አማለደኝ።

እናም እናቴ ሆትስፖቱን ከፈተች። እኔ የኖህን ስልክ ይዤ የይለፍ ቃል እስኪጠይቀኝ ድረስ ጣቴን አዘጋጀሁ። አልጠየቀኝም። «ወይንሸት» የሚለው ስም ገና ብቅ ከማለቱ ስልኩ በራሱ ተገናኘ፤ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ሳያንኳኳ ገባ። ሦስታችንም፣ ማለትም እናቴ፣ እኔና ለለቅሶ ከአርቦዬ መጥታ በኖህ አልጋ ላይ ስታድር የቆየችው አክስቴ ተሻለች፣ ማያ ገጹን አየነው። በየዓርቡ ኖህ «እማዬ፣ ስልክሽ ከብዷል፣ ላጽዳልሽ» ብሎ ስልኳን ይወስድ እንደነበር ለእናቴና ለእኔ ትዝ ያለን በአንድ ጊዜ ይመስለኛል። ምን ሲያወርድበት እንደቆየ በኋላ አይቻለሁ፤ ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለእርስዎም አልነግርዎትም።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «አንተ ሌባ» አለችው፣ ስልኩን፤ ቀጥሎም ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። አክስቴ እፍረት ይዟት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ፣ በሕግ ነፃ የወጣሁት፣ ከሁሉም አብዝቼ ሳቅሁ። ማውረዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጥቅሉ ሊያልቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በእናቴ ስልክ መጣ፤ ላቁመው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ይውሰድ» አለች። «የፈለገውን ያህል ይውሰድ።»

አለቀ፤ ሌላ ሞላች፤ እሱንም ወሰደ። ስለዚህ ሦስተኛው ቅሬታዬ የሚከተለው ነው፦ ዋይፋይ ካላመጣህ ብለው ባያስጨንቁኝ ኖሮ ወንድሜ በእናታችን ፊት በስሙ እንደ ጨዋ በኖረ፣ እኔም እንደ ሌባ በኖርኩ ነበር። ይህን በማበላሸትዎ ምን ያህል ባለውለታዎ እንደሆንኩ መግለጽ ይከብደኛል።

አራተኛ። እድሳቱ ሲያልቅ «ስልክዎ ታድሷል፤ ሁሉም ነገር በነበረበት ቦታ ነው» አሉን። ዞር ብዬ ቤቱን አየሁ። ከአንድ አልጋ ባለቤት በቀር እውነትዎን ነው።

መተግበሪያው ተከፍቷል፤ ስልሳ ሦስቱም ድምፆች አሉ። እንግዲህ ያደረሱብኝን እንግልት ሁሉ፣ ሦስቱንም ሻይ ጨምሮ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ። ወደ አሰላ ብቅ ካሉ ቤታችን ከጋሪ ፈረሶቹ ማቆሚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ የይለፍ ቃል አንጠይቅዎትም።

ባትሪዬ ከግማሽ በላይ እንደሆነ፣ ቦታም እንዳስለቀቅኩ በማረጋገጥ፣ ከጥልቅ አክብሮትና ከማይቋረጥ ሆትስፖት ጋር፣

ታዛዥዎ
ይስሃቅ
የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና ከክስ ነፃ የሆነ

ማስታወሻ፦ እንደ እርስዎ ትእዛዝ ሁሉን ካደስኩ በኋላ የተገኘች አንዲት ትንሽ ጉድለት ስላለች በዚህ አመለክታለሁ። አክስቴ እሑድ ወደ አርቦዬ ተመለሰች፤ ሰኞ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ያነጋሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት የኖህ ስልክ ጮኸ፤ ላዩ ላይ «ይስሃቅን ቀስቅስ» ይላል። ድምፁን ግን ቀይረውታል። ድሮ የታነቀ ፍየል የመሰለ ነበር፤ እጅግ እጠላው ነበር። አሁን የወፍ ዝማሬ አድርገውታል። እባክዎ ፍየሉን ይመልሱልን። ሁለት ጊዜ ጮኾ ሲያቆም ተኛሁ፤ ሦስተኛው ላይ ወንድሜ ብርድ ልብሴን ይገፍፈኝ ስለነበር ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ጮኸ። የገፈፈኝ የለም። ራሴ ገፈፍኩት፣ ሁለቱንም አልጋ አነጠፍኩ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ድምፅ ከፈትኩ። ጥያቄ አሥራ አራት ነው፤ ከሃያ ሜትር ከፍታ ስለተለቀቀ ድንጋይ። ኖህ «እሺ፣ ድንጋዩን ለቀነዋል፣ አሁን… ቆይ ይስሃቅ፣ ደንበኛ መጣ» ይልና ያበቃል። ድንጋዩ ከሚያዝያ ጀምሮ አየር ላይ ነው። ደብተሬን አወጣሁና የቀረውን ሠርቼ አወረድኩት። ሁለት ሰከንድ ፈጀበት።