ያልጮኸው ጌጅ

ለውድ ወንድሜ ለዳርሲ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሜቭ ደህና ናት? ትንሿ ኢድና ያ ሳሏ ተዋት ወይስ አሁንም ያስነሳችኋል? አንተ ግን ከእሷ ሳል በፊትም እንቅልፍ እንዳጣህ ሜቭ ለእማዬ ነግራታለች፤ ስለዚህ ደህና ነህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። እኔና እማዬ አለን። እንነሳለን፣ እንበላለን፣ ከብቶቹን ውሃ እናጠጣለን። ዝናቡ እንደቀረ ቀርቷል።

በስልክ ልነግርህ አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ ስለ ከብት አውርቼ ዘጋሁ። እንግዲህ በወረቀት ይሁን፤ የፖስታዋ አውሮፕላን ሐሙስ ትመጣለች። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትቀደው ብቻ እለምንሃለሁ።

የአባባ ቀብር ዕለት ክንዴን ይዘህ «ጌጁ አልጮኸም እንዴ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «አልጮኸም» አልኩህ። እውነት ነው፣ አልጮኸም። ፊትህ አመድ ሲመስል አየሁ። «የማይረባ ዕቃ ልኬ እኔ ነኝ የገደልኩት» ስትል እየሰማሁ ዝም አልኩ። የማጽናኛ ቃል አጥቼ አይደለም ዳርሲ፤ ፈርቼ ነው። ያ ዝምታ ይኸው ስድስት ሳምንት ሞላው።

የሞተሩን ሙቀት ለክቶ ሲበዛ የሚጮኸውን ጌጅ ለገና ስትልክልን የአሮጌዋን መኪና የሙቀት መርፌ አትመኑ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። መርፌዋ የምትለካው ውሃውን እንጂ ብረቱን አይደለም፤ ውሃው ፈስሶ ካለቀ ባዶ ውስጥ ተንጠልጥላ ምንም እንዳልሆነ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች አልክ። በማግስቱ ገጠምኩት። መለኪያውን ከቴስታው፣ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ቡሎን ሥር አስገብቼ አጠበቅኩ፣ ሽቦውን ከጭስ ማውጫው አርቄ አሳለፍኩ፣ ባለ ቁጥሯን መሣሪያ ከመሪው አጠገብ አጣበቅኳት። ሥራው ንጹሕ ነበር። ብታየው ትኮራብኝ ነበር።

አንተ ግን ሌላም ነገር ጽፈህ ነበር። አንድ ሳምንት ቁጥሩን እያያችሁ ንዱ፤ አሸዋው ላይ የሚደርስበትን ትልቁን ቁጥር ያዙና አስር ጨምሩበት፤ ጩኸቱን እዚያ ላይ አድርጉት ብለህ። እኔ ሳምንቱን አልጠበቅኩም። ሜዳው ላይ ዘጠና ዲግሪ ስትል አየሁና ዘጠና አምስት ላይ አደረግኩት። አባባ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ የጉድጓዶቹን ፓምፖች ለማየት ብቻውን መቶ ሰማንያ ኪሎሜትር ይዞራል፤ ቶሎ ቢጮህለት ይሻላል ብዬ። ካንተ የበለጠ የተጠነቀቅኩለት መሰለኝ።

ጮኸ። በየአሸዋው ጉብታ ጮኸ፣ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ጮኸ። መጀመሪያ ላይ አባባ በጮኸ ቁጥር እየወረደ ኮፈኑን ይከፍት ነበር። ከራዲያተሩ ላይ የሣር ፍሬ ያራግፋል፣ ውሃውን ያያል፣ ምንም የለም። እራት ላይ «አንቺ ልጅ፣ ቤቴ ያለችው ነዝናዛ አልበቃ ብላ መኪናዬ ውስጥ ሌላ ገጠምሽብኝ?» ሲል እማዬ በማንኪያ ክንዱን መታችው። ጎረቤታችን ቨርንማ አባባን «ክላሪ፣ ገና ከአጥሩ ወዲያ ሳለህ እሰማሃለሁ፤ አምቡላንስ ገዛህ እንዴ?» እያለ መቀለጃ አደረገው። አባባ ሦስት ጊዜ «ከፍ አድርጊልኝ» አለኝ። ሦስቱንም ጊዜ «ይጩህብህ፤ ቢያንስ ትቆማለህ» አልኩት። ግትርነቴን ታውቀዋለህ፤ ከእሱው የወረስኩት ነው።

አባባ ሊሞት አምስት ቀን ሲቀረው መኪናዋን ስጠርግ፣ የጩኸቱ ሽቦ ተነቅሎ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘሁት። አጠቃለሉ የአባባ ነው፤ ሌላ ማንም እንደዚያ አሳምሮ አይጠቀልልም። መልሼ ልሰካው እችል ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንተ እንዳልከው ከፍ አድርጌ ብሰካለት ደግሞ ዳግም ባልነካው ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «እንግዲህ የራሱ ጉዳይ!» ብዬ በሩን ዘግቼ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የሆነውን ሁሉ አልነገርኩህም። እኛም ያወቅነው ከጎማ ዱካውና ከባዶዎቹ ጄሪካኖች ነው። ሦስተኛውን ጉድጓድ እንዳለፈ የራዲያተሩ የታችኛው ቱቦ ተቀደደ። ውሃው አሸዋው ላይ ሲፈስ መርፌዋ መሃል ላይ እንደተቀመጠች ነበረች፤ እሱም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነዳ። የመኪናዋ ጉልበት ሲደክም ቆመ፤ ቱቦውን በፕላስተር ጠቀለለና የመጠጥ ውሃውን፣ ሁለቱንም ጄሪካን፣ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠ። ታውቀው የለም? ከብትና ሞተር ሳያጠጣ ራሱ አይጠጣም። ቀጣዩ ጉድጓድ ዘጠኝ ኪሎሜትር ነው፤ እዚያ ደርሼ እጠጣለሁ ብሎ ይሆናል። ቴስታው ግን ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር። አራት መቶ ሜትር እንኳን አልሄደችለትም።

የመገናኛ ሬዲዮው እዚያ አይደርስም። አባባም ከልጅነታችን ጀምሮ ለሁለታችን ያስተማረንን አደረገ፤ ከመኪናዋ አልራቀም። እኛ ደግሞ አንዳንዴ ጉድጓዱ ጋ የሚያድርበት ቀን ስላለ፣ ሲቀርብን አልደነገጥንም። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ቨርን ያገኘው ከመኪናዋ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተኝቶ ነው። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጦት ነበር። ሙቀቱ አርባ ሰባት ገብቶ ነበር።

መኪናዋን ጎትተን ስናመጣት ባትሪው ገና አልሞተም። መሣሪያዋ ያየችውን ትልቁን ቁጥር ትይዛለች ብለኸኝ የለ? ቁልፏን ተጫንኩ። መቶ ሠላሳ ስድስት አለችኝ። ከዚያ ፕላስተሩን ፈትቼ ሽቦውን ሰካሁና መለኪያውን ከቡሎኑ ነቅዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ወዲያው ጮኸ። እማዬ ጩኸቱን ሰምታ እጇን እንኳን ሳትጠርግ ከኩሽና እየሮጠች ወጣች። አባባ የመጣ መስሏት ነው። እዚያው በሩ ላይ እንዴት እንደቆመች ልነግርህ አልችልም።

ወንድሜ፣ ዕቃህ ደህና ነበር። እስከ መጨረሻው ትክክለኛውን ሲናገር ነበር። እንዲሰለቸው ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አፉን የዘጋው አባባ ነው፤ ተዘግቶ አይቼ ያለፍኩትም እኔው ነኝ። የጀልባ ሞተር ጥገናውን እንደተውክ፣ መፍቻ ልይዝ አልችልም እንዳልክ፣ መጠጡም እንደበዛ ሜቭ ለእማዬ እያለቀሰች ነገረቻት። እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሰማሁ ያን ቀንም አልተናገርኩም። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳን አፍ የለኝም። ስደበኝ፤ ደውለህ ጩህብኝ፤ ወይም እህት የለኝም በል፣ መብትህ ነው። ብቻ ይህን ነገር ከራስህ ላይ አውርደው፣ ያንተ አይደለም። ወደ ሥራህ ተመለስ።

ሜቭን አቅፈህ ሳምልኝ፤ እሷ ባትደውል ይህን ደብዳቤ አልጽፈውም ነበር። ለኢድና፣ ስም ያወጣችላት ጥጃ ሣር መጋጥ ጀምራለች በላት። ቨርን ሰላም ብሎሃል፤ የጉድጓዶቹን ዙር አሁን እሱ ይሠራልናል፤ ቀልዱን ግን ትቷል።

እማዬ ትናንት ይህን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አግኝታ አነበበችው፤ አልደበቅኩትም ነበር። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቶቹን አስተካክላ ቦታቸው መለሰቻቸውና ወደ ከብቶቹ ወጣች። ይህችን መስመር የምጨምረው ዛሬ ጠዋት ነው። አሁን ፖስታውን ከፊቴ አንስታ አድራሻህን በራሷ እጅ እየጻፈችበት ነው።

እህትህ ኖሊን

ዊራንጋ የከብት እርባታ፣ ምዕራብ ኩዊንስላንድ
ማርች 11 ቀን 2009