በደረቁ የተበላ እንጉዳይ

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን
ከላቦራቶሪው፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ማለቴ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጎረቤቱን ትቆጣለች። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የነገሩ ውል ጠፍቶብኛል። ስለዚህ እንደሆነው እንደሆነው ልንገርህ፤ አንተ እዚያ ሆነህ ከፈታኸው ፍታው።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ከድንበር ማዶ ያለው የኃይል ማመንጫ ተቃጥሎ ዝናቡ ጨረሩን ጫካችን ላይ ካወረደው ወዲህ፣ ሰው ከጫካ የለቀመውን፣ ከላም ያለበውን ይዞልን ይመጣል። እኛ ከትፈን፣ መዝነን፣ ግድግዳው ወፍራም እርሳስ ብረት በሆነ ሳጥን ውስጥ እንከተዋለን፤ መሣሪያው አንድ ሰዓት ይቆጥራል። የተፈቀደው የጨረር ጣሪያ በኪሎ ስድስት መቶ ቤክሬል ነው። ከዚያ በታች ከሆነ አረንጓዴ ማኅተም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ማኅተምና የቆሻሻ በርሜል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት መዝጋቢዋ በመስኮቷ "ቁጥር አሥራ አራት" ብላ ስትጣራ ቀና ብል እማዬ ናት። የክት ኮቷን ለብሳ፣ በሲባጎ የታሰረ ከረጢት አቅፋ፣ የወረፋ ቁጥሯን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆማለች። በሃያ አንድ ዓመት አንድ ቀን ደጃችንን ረግጣ አታውቅም።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ወረፋዬ ደርሶ ነዋ።"

"ቤት ብትነግሪኝ እኔ ይዤው እመጣ አልነበር?"

"ቤት ብነግርሽ ልጄ ነሽ" አለችኝ። "እዚህ ግን መንግሥት ነሽ።"

መዝጋቢዋ ሳቋን ለማፈን ፊቷን አዞረች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ ከረጢቱን ሳየው አውቄዋለሁ። የዘንድሮ እንጉዳይ አይደለም። አባባ በሰማያዊ እስክሪብቶ ዓመቱን የጻፈበት፣ ሆዱን በዕጢ የታመመበት ዓመት ከረጢት ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደብቃው ኖራለች።

ወንድሜ፣ የቀብሩን ቀን ላነሳብህ ነውና አትቆጣኝ። ገና ለቅሶኛው ከቤት ሳይወጣ "ያ እንጉዳይሽ ነው የገደለው" አልካት። ሐዘን እንዳናገረህ አውቃለሁ። በማግስቱም ተሳፍረህ ሄድክ። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን አንስታ አታውቅም፤ እኔም ሞኟ የረሳችው መስሎኝ ነበር።

መሣሪያው እስኪቆጥር ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም አለች። ሰዓቱ ሲሞላ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አለ። ደግሜ አስቆጠርኩት፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና። የጣሪያው አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቀዩን ማኅተም ሳነሳ አለቃችን ደረሱ። "ደንቡ ይላል" ሳይሉ ዓረፍተ ነገር ስለማይጀምሩ ጋሽ ደንቡ ነው የምንላቸው።

"ደረቅ ነው?" አሉኝ።

"ደረቅ ነው፣ ጋሼ።"

"ደንቡ ይላል፣ ምግብ የሚለካው እንደሚበላበት ሁኔታ ነው። ደረቅ እንጉዳይ ተዘፍዝፎ ነው የሚበላው። አንዱ ኪሎ ውሃ ሲጠጣ አሥር ኪሎ ይወጣዋል። ለአሥር አካፍዪው።"

አካፈልኩት። ሁለት መቶ ሠላሳ። አረንጓዴ ማኅተም።

እስቲ እየኝ እንግዲህ። ያው እንጉዳይ፣ ያው ጠረጴዛ ላይ፣ ቅድም በርሜል ሊገባ የነበረው አሁን ለገበያ በቃ። ከውሃ በቀር የተጨመረበት ነገር የለም፤ ውሃውም ቢሆን ገና በወረቀት ላይ ነው። ይህን ደንብ ለስንቱ ገበሬ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ትክክልም ነው፤ ሰው የሚበላው ሾርባውን ነውና። ግን አባባ? አባባ መች ዘፍዝፎ በላ? ኪሱን ሞልቶ፣ ጋዜጣ እያነበበ፣ እንደ ኦቾሎኒ በደረቁ ሲቆረጥም አልነበር? ታዲያ ለእሱ የትኛውን ቁጥር ልስጠው? ከቀዩና ከአረንጓዴው መሃል እጄ አየር ላይ ቀረ።

"ወጣ?" አለችኝ እማዬ።

"ወጥቷል። ከጣሪያው በታች ነው፤ ከተዘፈዘፈ።"

"ካልተዘፈዘፈስ?"

ቀዩን ማኅተም አየሁት።

"እንግዲያው አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኛ" አለች። አላለቀሰችም። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የምትጠይቅ ሰው ነው የመሰለችው።

ወረቀት ሳብኩና ማስላት ጀመርኩ። በቀን አንድ እፍኝ፣ ሃያ ግራም እንበል፤ ዓመቱን ሙሉ፤ ጨረሩን የሚተፋው ሲዚየም በአራት ዓመት የቀነሰውንም መልሼ ጨመርኩበት። አባዛሁ፣ አካፈልኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ሠራሁት። የወጣው፣ ማንም ሰው ምንም ሳያደርግ በዓመት ከምድርና ከሰማይ ከሚደርሰው ጨረር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

"አይደለሽም፣ እማዬ። ይህ ሰው አይገድልም" አልኳት።

"ይህን የምትይኝ እንደ መንግሥት ነው ወይስ እንደ ልጅ?"

እንደ መንግሥት ከሆነ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ስለ አንድ ሰው ሆድ፣ ስለ አንዲት ዕጢ "ከዚህ አይደለም የመጣችው" ብሎ የሚምል መሣሪያ የለንም። እንደ ልጅ ከሆነ ደግሞ ምንም ብላት አታምነኝም። የቱን እንደመለስኩላት አላስታውስም ብልህ ታምነኛለህ? "እንደ ሁለቱም" ያልኳት ይመስለኛል።

አሁን ሦስቱን ደብዳቤ ወዳስቀደደኝ ነገር ልምጣ። ያን እንጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የለካሁት ሐሙስ ዕለት አይደለም።

አባባ ከመታመሙ ጥቂት ወራት በፊት ጥቂት በመሐረብ ቋጥሮ እዚሁ አምጥቶልኝ ነበር። ያኔ ሁለት ሺህ አምስት መቶ አለ። "ብዙ ነው እንዴ?" አለኝ። "ዘፍዝፈህ ብላው" አልኩት። ሳቀብኝ። "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። መልቀሟን ትተዋለች። ከጫካ ስትመለስ ፊቷን አይተሽው ታውቂያለሽ?" አለኝ። አይቼዋለሁ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እሱ እንደሆነ በደረቁ መቆርጠሙን አልተወም።

ከዚያ ታመመ። ከዚያ ሞተ። ከዚያ አንተ ያን ቃል ስትናገር እኔ የሻይ ብርጭቆ ይዤ አጠገብህ ቆሜ ነበር። "አባባ ያውቅ ነበር፤ አውቆ ነው የበላው፤ ቁጥሩም ሰው የሚገድል አይደለም" ማለት እችል ነበር። ከትንፋሽ የማይበልጥ ነገር ነው። አላልኩም። ለምን ብትለኝ አንድ ቀን ላልናገር ቃል ስለገባሁለት ነው እላለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ፈርቼ ነው እላለሁ። "አንቺ መሣሪያው በእጅሽ፣ አውቀሽ ዝም አልሽ?" ብለህ ወደ እኔ እንዳትዞር ብዬ። ጥፋቱ እሷ ላይ ሲያርፍ እኔን አለፈኝ። ታማኝ ልጅ ነበርኩ ወይስ ፈሪ? ለዚህ የሚካፈል የሚባዛ ቁጥር አጣሁ።

ሐሙስ ዕለት እዚያው መስኮቱ ሥር ነገርኳት። ቁጥር አሥራ አምስት፣ ወተት የያዘ ትልቅ ሰውዬ፣ ከኋላዋ ቆሞ ይሰማል። ትመታኛለች ብዬ ነበር። መሬት መሬት አየች።

"አውቆ ነው የበላው?" አለች በመጨረሻ።

"አውቆ ነው።"

"አይ፣ እሱ ሰውዬ" አለችና ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ በመስኮቱ እጄን አሾልኬ ትከሻዋን ያዝኩ። ወተት የያዘው ሰውዬ ጀሪካኑን አስቀምጦ ወንበሩን ሳበላትና አሁን ያለ ልመና ተቀመጠች። ጋሽ ደንቡም በሩ ላይ ቆመው አዩን፤ ለአንድ ጊዜ ደንቡ ምንም አላለም።

ከዚያ ወዲህ እማዬን ልገልጽልህ አልችልም። ታናግረኛለች፤ ግን ቃሏ አጭር ነው። ሳልጠይቃት ቀሚሴን ተኩሳ ሰቅላልኛለች፤ በሩን ግን አብዝታ ታጋጫለች። እሑድ ሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ የካሮት ነበር፣ እሱም ጨው የሌለው። ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልገባኝም፤ ጠጥቼ ሳህኑን ደግሜ ዘረጋሁ።

የውጤቱን ወረቀት "ለወንድምሽ ላኪለት" ስላለችኝ አብሬ ልኬልሃለሁ። "አስተያየት" በሚለው ሥር "ተዘፍዝፎ ለምግብ ሊውል ይችላል" የሚለው የጋሽ ደንቡ ጽሕፈት ነው። ከታች ያለው የእኔ ነው፤ በዚህ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም፤ ግን ጻፍኩት። "ባለቤቱ እያወቀ በልቶታል" ይላል።

አንተን ምን እንደምለምንህ አላውቅም። ስልኩን ብታነሳላት ምን እንደምትላት አላውቅም፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ብቻ ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበርና "እማዬ፣ ለሱ ምን ብዬ ልጻፍለት?" አልኳት። ቢላዋዋን አላቆመችም።

"ይምጣ በይው" አለች። "እንጉዳይ አልሠራም።"

ፈጣሪ በሄድክበት ይጠብቅህ፤ እጅህ የነካው ይሳካልህ፤ ክፉ አይይህ። እኔንም ይቅር በለኝ።

ታላቅ እህትህ