ሁለተኛው ወንበር

ልጄ ረዲ፣ ያለህበትን አገር አላህ አማን ያድርግልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብቻ የጅጅጋ ነፋስ ሱቁን አቧራ ሲያለብሰው፣ እኔም ስጠርግ ውዬ ጉልበቴ እምቢ ይለኛል።

ለእህትህ ለረቢዓ የላክኸው ላፕቶፕ ደርሷል። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪያቸው «የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጻፉ» ስላላቸው፣ ሳጋል የምትባል የደገሀቡር ልጅ እኛ ቤት ትመጣለች። አንዷ ስትጽፍ ሌላዋ አጠገቧ ተቀምጣ ስህተቷን ትነግራታለች፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ጭቅጭቃቸው ራሴን ቢያዞረኝ፣ «ወንድምሽ የላከው ላንቺ ነው» ብዬ ሁለተኛውን ወንበር ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ረቢዓ «እማዬ፣ ብቻዬን እያለሁ ትምህርቱን ልተወው ነበር እኮ» ስትለኝ ወንበሩን መለስኩላቸው።

በቪዲዮ ስትደውል ክፍልህን አያለሁ፤ ያለህ አንድ ወንበር ብቻ ነው። አላህ ከደግ ሰው ያገናኝህ። አንድ ወንበር ጨምር፣ ልጄ።

እናትህ