ደብዳቤውን ከመክፈታችሁ በፊት፦ የእትዬ አትክፈቱ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ከአባታቸው ከልብስ ሰፊው እና ከእናታቸው ከስልክ አገናኟ፣ ጥር 9 ቀን 1961 ዓ.ም. ከስፌት ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ከአራት ዓመት በኋላ ስትመጣ፣ ቤቱ በእሳቸው ሕግ ሲተዳደር አገኘችው። በር ሲንኳኳ የሰውየውን ድምፅ ካላወቁ አይከፍቱም። ጉንፋን ድምፃቸውን የዘጋባቸውን አባታቸውን እንኳ ዝናብ ላይ አቁመው መርምረዋል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1983 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመት በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ተቀጠሩ፤ የድርጅቱ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሲገናኙም ጥበቃው ለእሳቸው ተሰጠ። በ1987 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት እና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ባለቤታቸው ኪስ ውስጥ የተገኘ ዕለት፣ እትዬ ለሦስት ቀን አኩርፈዋቸዋል።

በ2008 ዓ.ም. የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው “የደመወዝ ጭማሪ ዝርዝር” የሚል ፋይል በኢሜይል ደርሷቸው ከፈቱ። ጭማሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተላከው ቫይረስ ነበር። ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ተቆለፉ። ለአሥራ አንድ ቀን መድኃኒቱ መጋዘን ተከምሮ፣ ምኑ ለየትኛው ሆስፒታል እንደሚሄድ የሚያውቅ ጠፋ። እትዬ ስልክ እያነሱ “ኢንሱሊኑ የት ደረሰ?” ለሚሏቸው ነርሶች የሚሉት አጡ። ያ ነገር እስከ መጨረሻው ከሆዳቸው አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የድርጅቱን መረጃ በየሰኞው ገልብጠው፣ ቅጂውን ከኔትወርኩ ነቅለው ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። ለሠራተኛውም ሕግ አወጡ፤ ያልጠበቃችሁት ፋይል ሲመጣ አትክፈቱ፣ ለላኪው፣ ድርጅቱ ራሱ ከላከው ደግሞ ለእኔ፣ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ በድምፅ አረጋግጡ። ይህን ከማለታቸው ብዛት “እትዬ አትክፈቱ” የሚል ስም ወጣላቸው። ሠራተኛው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለፈተና ብለው “ነፃ ምሳ” የሚል የውሸት ደብዳቤ ቢልኩ፣ ግማሹ ሠራተኛ ከፍቶ የምሳውን ሰዓት ጠየቃቸው። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ የይለፍ ቃሏን ኮምፒውተሯ ላይ ለጥፋ ብትገኝ ተቆጧት። እሷም አንሥታ አበባ ማስቀመጫው ሥር ደበቀችውና፣ የት እንደደበቀችው ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተናገረች። እትዬ ማታ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይህን ሁሉ ለእህታቸው ያወሩ ነበር። እህታቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወሬው ሰልችቷት ነበር።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጠናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። እዚያም አላረፉም። ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ሳይዘጋ በወጣ ቁጥር ከነጉሉኮሳቸው እየተነሡ ይዘጉለት ነበር። በመጨረሻው ሳምንት የእህታቸውን እጅ ይዘው፣ “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለግድግዳ አወራሁ። እኔ በሄድኩ ማግሥት ያገኙትን ይከፍታሉ፤ ያ ሁሉ መድኃኒት እንደገና ይቆለፋል” አሏት።

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከማለዳው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ድርጅቱ የሞታቸውን ዜና “አስቸኳይ” ብሎ፣ የቀብሩን ዝርዝር በፋይል አያይዞ ለሠራተኛው ሁሉ በኢሜይል ላከ። ሦስት ሰዓት ላይ የእትዬ ስልክ ጮኸ። እህታቸው አነሣች። ደዋዩ የመጋዘን ኃላፊው ነበሩ፤ ደብዳቤ ደርሷቸው ከመክፈታቸው በፊት ለማረጋገጥ መደወላቸውን ተናገሩ። እህታቸው በንዴት ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው። ወዲያው ሌላ ሰው ደወለ፤ ጥያቄው ያው ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሐዘኗን እንኳ በወጉ እንዳታለቅስ ከለከሏት። አሥረኛው ላይ ነው ነገሩ የገባት፤ ስልኩን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከመቶ ስድሳው ሠራተኛ መቶ ሃምሳ ሰባቱ ደውለዋል። ሦስቱ ሳይጠይቁ ከፍተዋል፤ አንደኛው ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ እትዬ ይህን ቢሰሙ አይገርማቸውም ነበር። መጨረሻ ላይ የደወለችው ያቺው ጸሐፊ ነበረች። እያለቀሰች፣ “ይቅርታ፣ የእሳቸው ፈተና እንዲሆን ተመኝቼ ነው” አለች።

እህታቸውም፣ “ፈተና አይደለም፤ እውነት ነው። አሁን ክፈቺው” አለቻት።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ እህታቸውን እና መቶ ሃምሳ ሰባት ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ድምፃቸውን ያውቀዋልና፣ ዝናብ ላይ ሳያቆም በሩን ይክፈትላቸው።