ለማስመሪያ የተባለው የውስጥ ኪስ

ይድረስ ለከተማችን የንግድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ማኅተምዎም ጭምር በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ልጄም አለች። ይህቺን የኋለኛዋን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ ስለጻፍኋት ለጽሕፈቴ መበላሸት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በእርስዎ ላይ ቅሬታ ከማቅረቤ በፊት የራሴን ጥፋት ማስቀደም ይገባኛል። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለሁት የደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ተማሪዎቹ «ጋሽ መርፌ» ይሉኛል። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ኮቱን ይዞ መጥቶ «ጋሽ መርፌ፣ ከውስጥ በግራ በኩል ጠበብ ረዘም ያለች ኪስ ጣል አድርግልኝ፤ ለማስመሪያ ናት» አለኝና ሰፋሁለት። ጓደኛው መጣ፤ የጓደኛው ጓደኛ መጣ፤ መቼም ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ መስመር ለማስመር ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ከእነዚያ ኮቶች አንዱ እጅጌው ተቀዶ ተመልሶ መጣና ጠግኜ ስተኩሰው የካውያው ሙቀት ከገበሩ ውስጥ የመጠጥ ሽታ አወጣ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ማስመሪያ እንደማይሸት አውቃለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? መስኮቱን ከፈትሁ። ከዚያም ሌላ ኪስ ሰፋሁ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሱቄ ውስጥ ከስፌት መኪናዬ በቀር ድምፅ አልነበረም፤ ልጆቹ ሲገቡ ግን ሳቅ ይዘው ይገቡ ነበር። ሳቁ እንዳይቀርብኝ ብዬ አፌን ያዝሁ። በየማለዳው ስጸልይም ይህንኑ ነገር እየዘለልሁ ነበር፣ ያልነገርሁትን እሱ የማያውቅ ይመስል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ልጄን በብብቷ ደግፈው አመጡልኝ። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እነሱ ይሥቃሉ። እኔ ስደነግጥ ጊዜ አንደኛዋ ልታጽናናኝ ብላ «ኧረ አትደንግጥ ጋሼ፣ ትንሽ ትተኛና ትነቃለች፤ ሁልጊዜ ትነቃለች» አለችኝ። ይህቺ «ሁልጊዜ» የምትባል ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። በጨርቅ ክምር ላይ አስተኝቼ እናቷ ትጠራት በነበረው ቁልምጫ ጠራኋት፤ አልመለሰችም። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ባደርግ የምሰማው የራሴን ልብ ሆነ። ጭንቅ ሲለኝ ከመኪናው ላይ ነጭ ክር በጥሼ ከአፍንጫዋ ሥር ያዝሁት፤ ክሩ ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ያንቀሳቀሰው የእሷ ትንፋሽ ይሁን የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ መለየት አልቻልሁም። ክንዴን ከጠረጴዛው እግር ጋር አጣብቄ የራሴን ትንፋሽ ዋጥሁ። ክሩ ቆመ። እንደ ቆመ ቆየ። ከዚያ በጣም ትንሽ፣ ፈቀቅ አለ።

ጩኸቴን ሰምታ የገባችው ጎረቤቴ ፋርማሲስቷ «በጎኗ! በጎኗ አድርጋት እንጂ ጋሼ፣ በጀርባዋ ከተኛች እኮ ትታነቃለች!» ብላ ባትቆጣኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ይሆን ነበር። ከክሊኒክ መልስ ኮቷን ላጥብ ስል እጄ ከገበሩ ውስጥ ገባ። ኪስ አለ። ስፌቱ የእኔ ነው። ያን ጊዜ ኮቱን ኪስ እንድሰፋበት ያመጣችልኝ ጓደኛዋ ናት፤ የደንብ ልብስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና የማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ኮሌታውን ገልበጥ አድርጌ ባይ ኖሮ፣ የልጄ ኮት ከሌላው እንዳይቀላቀል ብዬ በቀይ ክር ያደረግሁበትን ምልክት አገኝ ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የእኔን ጉድ ከሰሙ በኋላ ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ መጠጥ መሸጫ ከትምህርት ቤት መራቅ አለበት የሚለውን ደንብ ሠራተኞችዎ ሲያስከብሩ በዓይኔ ስላየሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሜትራቸውን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከተከፈተው መጠጥ መሸጫ በር ጀምረው፣ በዳቦ ቤቱ ዞረው፣ በመኪና ማቆሚያው አቋርጠው እስከ ትምህርት ቤቱ ዋና በር ለኩና ርቀቱ ከበቂ በላይ ሆኖ ተገኘ። የመሸጫው ጓሮና የተማሪዎቹ መጸዳጃ ቤት በአንድ ግድግዳ መጠቀማቸው፣ ከዚያም ግድግዳ አንድ ብሎኬት ወልቆ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ መኖሩ ሜትሩን የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። እኔ በዚህ አለካክ ሱሪ ብሰፋ ደንበኛዬ ቤቱ ቆሞ ሱሪው ጎረቤት ይደርስ ነበር።

ሁለተኛ፣ «ለአካለ መጠን ላልደረሱ አይሸጥም» የሚል ማስታወቂያ እንዲለጠፍ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ትእዛዝዎ ተከብሯል፤ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ተለጥፏል። ባለ መሸጫው ሊያሳየኝ ማቀዝቀዣውን ሲገፋ ወገቡን ስላመመው እግዜር ይማርህ ይበሉልኝ። «ዕድሜ እኮ እጠይቃለሁ አባቴ» አለኝ ወገቡን ይዞ፤ «ሃያ አንድ ነኝ ይሉኛል፤ ታዲያ የሰው ልጅ ውሸታም ልበል?» የደንብ ልብስ ለብሶና የስምንተኛ ክፍል ደብተር ይዞ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝምለት።

ሦስተኛ፣ በወላጆች ቀን ተገኝተው ወጣቱ ራሱን ከመጠጥ እንዲጠብቅ ስላደረጉት ንግግር። ፀሐይ እንዳይመታዎ ከራስዎ በላይ የተዘረጋው ጃንጥላ የቢራ ማስታወቂያ እንደነበረ ከመድረኩ ላይ ሆነው ሊታይዎ ስለማይችል አልወቅስዎትም፤ ከታች ላሉት ልጆች ግን በደንብ ይታይ ነበር። ያን ቀን ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ናቸው። ኮታቸውን አውቀዋለሁ።

አራተኛውን ለእርስዎ ልጽፍ ጀምሬ ወደ ራሴ ዞረብኝ። ልጄ ሲሻላት አጠገቧ ተቀምጬ «ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት። «አባ፣ አታካብድ» አለችኝ፤ «ሁሉም ይጠጣል። የማይጠጣ ፋራ ነው የሚባለው። ደግሞ መጥፎ ቢሆን ከግድግዳችን ጋር አጣብቀው ይከፍቱት ነበር?» ብርድ ልብሷን ሳስተካክልላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረችልኝ፤ «አንተም ኪሱን ሰፍተሃል እኮ። ልጆቹ ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ? ጋሽ መርፌ ያውቃል፣ ግን አይናገርም፣ አሪፍ ሰው ነው ነው የሚሉህ።»

አሪፍ! በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ስድብ ግን ደርሶብኝ አያውቅም። ልጆቹ እኛን ፈርተው ተደብቀው የሚጠጡ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከመጀመሪያውም አልፈሩንም፤ የእርስዎን ማኅተምና የእኔን ስፌት አይተው ፈቅደውልናል ብለው ነው።

ክቡርነትዎ፣ እፈራለሁ። ከመንገድ የተማሪ ሳቅ በሰማሁ ቁጥር መርፌዬ ይቆማል። ልጄ ትንሽ ጋደም ባለች ቁጥር ክር እበጥሳለሁ፤ በቀደም ለት ዓይኗን ስትገልጥ ክሩን ከአፍንጫዋ ሥር አየችው፤ ትሥቅብኛለች ብዬ ነበር፣ አልሣቀችም። ስለዚህ ሠራተኞችዎ በዳቦ ቤቱ ሳይዞሩ በቀዳዳው በኩል አንድ ጊዜ ደግመው እንዲለኩልን በትሕትና እለምናለሁ፤ የእጅ ርዝመት ያህል ስለሆነ አያደክማቸውም። በእኔ በኩል ነገ በመውጫ ሰዓት ላደርገው ያሰብሁት አንድ ነገር አለ። ወላጆች ሥራዬን ይነሡኛል፣ ልጆቹ ከሃዲ ይሉኛል፣ ሱቄም እንደ ድሮው ጭር ይላል ብዬ ስለምሰጋ፣ ሐሳቤን እንዳልለውጥ በጸሎትዎ ቢያስቡኝ ደስ ይለኛል።

ማኅተምዎ ቀለም አይጣ፤ ወንበርዎ አይነቃነቅ፤ የቤትዎ ግድግዳ ከማንም መጠጥ ቤት ጋር አይገናኝ እያልሁ፣ ጊዜዎን በመሻማቴ አፍሬ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ፤ የአንዲት ልጅ አባት

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ሳላሽግ አንድ ቀን አሳደርሁት፤ ያላደረግሁትን አደርጋለሁ ብዬ ለእርስዎ መላክ አሳፍሮኝ ነው። በመውጫ ሰዓት ወላጆች በተሰበሰቡበት በር ላይ መቀሴን ይዤ ቆምሁና «የውስጥ ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነም አውቅ ነበር፤ እባካችሁ በግራ በኩል ከገበሩ ውስጥ እጃችሁን አስገቡና እዩ» አልሁ። አንድ አባት «ጋሼ ዛሬ ራሱ ቀምሶ ነው የመጣው» ብሎ ሰዉን አሣቀ። ሳቁ የቆመው አንዲት እናት ከልጇ ኮት ጠፍጣፋ ጠርሙስ አውጥታ፣ ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት፣ በሁለት እጇ እንደያዘችው ስትቀር ነው። ልጆቹ እንዴት እንዳዩኝ አልጽፈውም። ከመካከላቸው ልጄ ወጣች፤ ኮቷን አውልቃ ዘረጋችልኝ። ኪሱን እዚያው በሰው ፊት ተርትሬ አወጣሁት። ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ፤ እርስዎ ፈቃድ በሰጡት ጠርሙስ ልክ የተሰፋ ስለሆነ ለመለካት አይድከሙ።