የሰመጠችው የናስ ኳስ

መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጧቱ ፪ ሰዓት

ደብተር ሆይ፣ ነጠላህን አዘቅዝቀህ ስማ። በደ/ማርቆስ ከተማ፣ በአክስቴ በእትዬ ውባለም ጓሮ፣ ነጩ ዙፋን ታሞ አድሯል። ተስፋ የለውም። አልቃሽ ገና አልተጠራም።

ዙፋን የምልህ የሲኞሩን ሽንት ቤት ነው። ሲኞሩ የመንገድ መሐንዲስ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ የእ.ው.ን (እትዬ ውባለም ማለቴ ነው፤ ቀለም ልቆጥብ) ሁለቱን ትልልቅ ክፍሎች ይዞ እኛን ወደ ማድ ቤት ገፍቶናል። ግድግዳው ላይ የብረት ሣጥን፣ ከሣጥኑ ሰንሰለት፣ ከሥር እንደ ወተት የነጣ መቀመጫ። ሰንሰለቱን ስትስበው ውሃው ያገሣል፤ ሣጥኑ መልሶ ይሞላና ዝም ይላል። ከትናንት ጀምሮ ግን ዝም አይልም። ይፈሳል፣ ይፈሳል። እኔና አህያዋ (ስሟ ኮሎኔል ነው፤ ሲኞሩ በሌለበት ብቻ) ከምንጭ አመላልሰን የሞላነው የጣራ በርሜል ባዶ።

እኔ ተኝቼ ሳደምጠው ደስ አለኝ። ቤቱ ጀልባ ሆኖ ጣና ላይ የምንሄድ መሰለኝ። እ.ው. አልደላቸውም። ሲኞሩ ወደ ደጀን ሲሄድ በአስተርጓሚ የተናገረው አለ፦ መጋቢት ፳፪ እመለሳለሁ፤ ያን ቀን ይህ ነገር ካልሠራ ቤቱን ለመኮንኖች እሰጣለሁ፣ እናንተ ሌላ ጣራ ፈልጉ።

መጋቢት ፭፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ቧንቧ ሠሪ ተቀጠረ። ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲሸከም ቧንቧ በሩቅ አይቷል። የማላውቀው ቧንቧ የለም ይላል። አንዷን ብሎን ቢያላላ ውሃው ፊቱ ላይ! በጨርቅ ጠመጠመ። በሊጥ ለሰነ። ሊጡ ራሰ፣ ወደቀ፣ ዶሮዎቹ በሉት። ምስጋናውን ከዶሮዎቹ ተቀብሎ ሄደ። ሳቅሁ። እ.ው. ማማሰያ ወረወሩብኝ።

ብረት የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ አንጥረኛው አያ ደረሰ። እ.ው. ስሙን ሲሰሙ አማተቡ። ጠይብ ነዋ። ማረሻና ማጭድ ከእጁ እንቀበላለን፤ ከደጃፋችን አናሳልፈውም። ዓይናቸው ይበላል ይባላል። ሌላ አንድ በርሜል ውሃ ሲያልቅ ግን እ.ው. ለዘብ አሉ። በጓሮ በር ይግባ አሉ።

መጋቢት ፯፣ ቅዳሜ፣ ከጧቱ ፬ ሰዓት

አያ ደረሰ መጣ። የእሱ እጅ ሣጥኑ ውስጥ አይገባም። የልጁ ይገባል። ልጁ እናኑ ትባላለች። በርጩማ ላይ ቆመች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰደደች፣ ትርንጎ የምታህል የናስ ኳስ አወጣች። ጆሮዬ ላይ ነቀነቀቻት።

«ሰማህ? ውሃ ጠጥታለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳሷ ውስጧ ባዶ ነው፤ ውሃው ሲሞላ ተንሳፍፋ የቧንቧውን አፍ ትዘጋለች። ዝገት ስለበሳት ሰምጣለች፤ የሚዘጋ የለም። ይኸው ነው በሽታው። እኔ አፌ መች ያርፋል፣ በዓይንሽ እንዳትበዪኝ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አጥንት ብቻ ነህ። ምንህ ይበላል?»

ኳሷን እሳት ዳር አድርቃ ከከሸፈ ጥይት ባወጣችው እርሳስ ደፈነቻት። መልሳ ገጠመቻት። ውሃው ሞላ። ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከሰዓቱን በሙሉ በርጩማው ላይ ቆሜ ሣጥኑን ሳይ ዋልኩ። ኳሷ ውሃው ላይ ተኝታ ትወዛወዛለች፤ ቀን የወጣች ጨረቃ።

መጋቢት ፲፣ ማክሰኞ

ሁሉ ደኅና። ምንም የተበላሸ የለም። የከፋ ነገር ነው። ደኅና ከሆነ ማን ይጠራታል?

የእ.ው.ን የስፌት ወስፌ ወሰድኩ። ኳሷን አንዴ ብቻ ወጋኋት። ለማንም አትንገር።

መጋቢት ፲፪፣ ሐሙስ

አልተጠራችም። እ.ው. ውሃው ሲፈስ ሰምተው ደረታቸውን ደቁ። «ዓይናቸውን ጥለውበት ሄዱ!» ጠበል ረጩበት። ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ለሴቶቹ ሁሉ ነግረው መጡ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወስፌ በእኔ እጅ፣ የዓይኑ ሐሜት በእሷ ላይ። ኋላ ሳቁ ሄደ። እራት አልበላሁም።

መጋቢት ፲፬፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

እናኑ ገንቦ ተሸክማ በገበያው መሐል ታልፋለች። ሴቶቹ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። አንድ ገበሬ ሊያስቀጠቅጥ ያመጣውን ማረሻ ሳይሠራ ከአያ ደረሰ ወስዶ ሄደ አሉ። ማረሻ የማያመጣለት ጠይብ ምን ይበላል? አየችኝ። ሰላም አላለችኝም። የምላት ቀልድ ነበረኝ፤ ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ።

መጋቢት ፲፮፣ ሰኞ

ኳሷን በጋቢዬ ሸፍኜ አያ ደረሰ ዘንድ ሄድኩ። እናኑ ቀዳዳዋን በጥፍሯ ዳበሰች።

«ዝገት አይደለም። ከውጭ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ወስፌ ነው። ማነው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እንድትመጪ።»

ወናፉ ቆመ። አያ ደረሰ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ። «ልጄ፣ እኛማ ድሮም እናውቀዋለን እኛ እንዳላደረግነው። የማያውቁት እነዚያ ናቸው።» እናኑ ደፈነችልኝ። እንዴት እንደሚገጠም መሬት ላይ በጣቷ ስላ አሳየችኝ። ሰላምታ የለም።

መጋቢት ፲፰፣ ረቡዕ

ራሴ ገጠምኩት። ሣጥኑ ዝም ብሏል። እ.ው. ጠበሉ ነው ያዳነው ይላሉ። ቤቱ ተረፈ። እኔም ተረፍኩ። አሁን ዝም ብል ማን ያውቃል? ሣሩ ላይ ተጋድሜ ደመና እቆጥራለሁ። አንዱ ገንቦ ይመስላል። የተሸፈኑ ሕፃናትም አየሁ። ደመና ሁሉን ይመስላል፤ አላምነውም።

መጋቢት ፳፩፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

የማርያም ማኅበር ነው፤ ተረኛዋ እ.ው. ናቸው። ሴቶቹ ሞልተዋል። ጠላ እቀዳለሁ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ቆምኩና ሁሉን ተናገርኩ። ወስፌውን፣ ምክንያቱን፣ ሁሉን።

ሳቁ። «ደግሞ ዛሬ ምን አመጣህ!» አሉኝ። አንዲቷ እንባዋን ጠረገች። ስምልላቸው ይብስ ሳቁ። ይህን ሁሉ ዓመት የቀለድኩት ዛሬ ተጠራቅሞ መጣብኝ።

ኳሷን ከሣጥኑ አውጥቼ መሐላቸው ይዤ ገባሁ። ወስፌውን ሰካሁባት። መልሼ ገጠምኳት። ኳሷ ሰመጠች። ውሃው መፍሰስ ጀመረ፤ በግድግዳው በኩል ሁላችን እንሰማዋለን። ማንም አልሳቀም።

እ.ው. አመድ መሰሉ። ሲኞሩ ነገ ይገባል።

«አንተ የእግዜር ቁጣ! ሂድ ጥራት!»

«በየት በር ትግባ?»

ውሃው ይፈሳል። በርሜሉ እያለቀ ነው።

«በፊት በር!» አሉ እ.ው.

ገባች። በሴቶቹ መሐል አለፈች፤ እኔን አላየችኝም። አንዲት እናት የልጇን ፊት ገለጠች። ሌላዋ ዳቦዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወጣች። እናኑ ሠርታ ስትጨርስ እ.ው. ጠላ በራሳቸው ዋንጫ ሰጧት። ጠጣች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ በቀስታ፣ ለእኔ ብቻ፦ «አሁንም አጥንት ነህ።»

መጋቢት ፳፪፣ እሑድ፣ ከቀኑ ፲ ሰዓት

ሲኞሩ ገባ፤ አቧራ ብቻ። ሰንሰለቱን ሳበ፣ ወጣ፣ ተኛ። ከቤት መውጣቱ ቀረልን።

እ.ው. አያናግሩኝም። ማረሻውን የወሰደው ገበሬ እስካሁን አልመለሰም። ሄጄ ልነግረው ነው፤ ካልሰማኝም ነገ፣ ካልሰማኝም ተነገ ወዲያ። ጧት ጧት ደግሞ አያ ደረሰ ዘንድ ሄጄ ወናፍ ልነፋ ቆርጫለሁ። ቅኔ ቤት ጀምሬ የተውኩ ሰው ወናፍ ይነፋል ወይ ይላሉ። ይበሉ። እናኑ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

እውነቱን ከጠየቅኸኝ ግን፣ ደብተሬ፣ ነገሩ ሁሉ ኢምንት ነው። የወስፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ ተደፈነች።